ነጭ መደብ

ኤፍራታ ፍላሿን ስታቀብለው የጸሎት ቤቱን ስክሪን የሚያንቀሳቅሰው ተረፈ አልጠረጠረም። ከዩኒቨርሲቲ የተጋበዘችው የዕለቱ አስተማሪ ስላይዶቿን ሁሉ በነጭ መደብ ላይ እንደሠራቻቸው በላፕቶፑ ሲያይ ግን መልሶ ጠራት። ወደ ጥቁር ልለውጥልሽ፣ ለዓይን ይለሰልሳል አላት። ሥዕሎቹ በጥቁር ላይ አይታዩም ብላው ወደ ወንበሯ ሄደች።

በዚያ የጂንካ ጸሎት ቤት ስክሪን ላይ ነጭ መደብ ከታየ ስምንት ወር አልፎታል። መዝሙሩም ጥቅሱም በጥቁር ላይ በቢጫ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ምእመኑም ጣዕሙን አመስግኖለታል። ጣዕም ሳይሆን መሸሸጊያ ነበር።

ስክሪኑ በተገዛበት ሰሞን የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ጋሽ ሙሴ ኤልኢዲ የሚባለው ዓይነት ይሻላል ብለው ጸንተው ነበር፤ አዳራሹ መስኮተ ብዙ ነው፣ ፀሐይ የሚቋቋም ብርሃን ያስፈልገናል ብለው። ተረፈ ኦሌድ ለሚባለው ዓይነት ተሟገተ። ኤልኢዲው ከጀርባው መብራት ስላለበት ጥቁሩ ግራጫ ነው፤ በኦሌድ ግን እያንዳንዷ የምስል ነጥብ ራሷ ትበራለች፣ ራሷ ትጠፋለች አለ። ጋሽ ሙሴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ራሷ የምትበራ ከሆነ፣ ራሷ አትደክምም?»

አንድ ምስል አንድ ቦታ ላይ ካልከረመ አትደክምም፣ እሱንም እኔ እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ገባ። ኦሌዱ ተገዛ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድምፅ አስተካክላለሁ እያለ ቁልፉን ይወስድ፣ ከቤቱ ሪሲቨር አምጥቶ ብቻውን እግር ኳስ ያይ ጀመር። የሜዳው ሣር አንድ በአንድ ይቈጠርለት ነበር። የጨዋታው ውጤት የሚጻፍበት ሣጥን ግን ሁለት የውድድር ዘመን ሙሉ ከግራ ማዕዘን ሳይነቃነቅ ቆሞ፣ ከሥሩ ያሉትን የስክሪኑን ነጥቦች አደከማቸው፤ ድካማቸውም በነጭ ላይ እንጂ በጥቁር ላይ አይታይም።

አሁን የኤፍራታ የመጀመሪያ ስላይድ በራ። ከላይ በግራ በኩል፣ የታጠበ እድፍ የመሰለ ጠባብ ሣጥን ወጣ። ተረፈ ስክሪኑን ትቶ የጋሽ ሙሴን ማጅራት ያይ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

ጉባኤው ሲበተን ጋሽ ሙሴ ተረፈንና ከምእመኑ መካከል የነበረውን፣ ስክሪኑን የሸጠላቸውን ነጋዴ፣ ሀብታሙን፣ ስክሪኑ ፊት አቆሟቸው። ዋስትናው እንዳላለቀ፣ ጉድለቱ ከፋብሪካ የመጣ ከሆነ ሀብታሙ መለወጥ እንዳለበት ተናገሩ። ከዚያ ወደ ተረፈ ዞሩ።

«ባለሙያው አንተ ነህ። የፋብሪካ ነው ካልክ በዋስትናው እንዲለወጥ እንፈርማለን።»

ሀብታሙ ሣጥኑን ትክ ብሎ አየ። ኳስ ወዳጅ ነው፤ ምን እንደሆነ ገብቶታል። ነገር ግን ትንፍሽ ሳይል ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ኪሳራውን ሊሸከምለት ነው እንዴ? ተረፈ ይህን ዝምታ መቋቋም አቃተው።

«የፋብሪካ አይደለም፣ ጋሽ ሙሴ። እኔ ነኝ። ኳስ ሳይበት ነው።»

ሀብታሙ ቀስ ብሎ፣ «ቡድንህ እንኳ አሸንፎልሃል?» አለ። የሳቀ ግን አልነበረም።

ጋሽ ሙሴ ሣጥኑን በጣታቸው ነኩ።

«ጥቁሩን ያበዛኸው ለዚህ ነው?»

ተረፈ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ መደቡ ነጭ ይሁን» አሉና፣ ቁልፉን ይቀበሉት ዘንድ እጃቸውን ዘረጉ።

ሰጣቸው። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ ከመጀመሪያው መዝሙር አንሥቶ መደቡን ወደ ነጭ ይለውጥ ጀመር።