ላባዋ ቡናማ የወጣላት ዶሮ

ተመራማሪዋ ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ እግር ጥሏት በአሮጌው የምርምር ግቢ ባለፈች ቁጥር ልቧ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ዶሮ ቤቱ ነው። ዛሬ የወንበር መጋዘን ሆኗል። እሷ ግን በሩ አጠገብ ስትደርስ የመኖውና የእርጥብ ሰጋቱራው ሽታ ይመጣባታል፤ ታላቅ እህቷም ትዝ ትላታለች።

እዚያ ይረቡ የነበሩት ዶሮዎች ጉደኞች ነበሩ። ቡናማ ሆነው ያድጉና ጎረምሳ ሲሆኑ የገዛ ሰውነታቸው መከላከያ ዞሮባቸው፣ ቀለም የሚሠራውን ሴል እንደ ጠላት ይፈጀዋል። ላባቸው ይነጣል። የሰው ለምጽም ከዚህ ብዙ አይርቅምና አዲስ መድኃኒት ቀድሞ የሚሞከረው በእነሱ ነበር።

እህቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ለምጹ ከጣቶቿ ተነስቶ ክርኗ ደርሷል። ከቤት ስትወጣ፣ ፀሐይ አናት ቢበሳ እንኳ ጓንቷን አታወልቅም። አንድ ቅዳሜ ግን «እነዚያን ዘመዶቼን አሳዪኝ እንጂ!» ብላ ድርቅ አለች።

ገብታ አንዲት ነጭ ዶሮ አቀፈች። «አይዞሽ እናቴ፣ አንቺንም አገኘሽ?» አለቻት።

ታናሽየዋ የዶሮዋን ክንፍ ገለጥ አደረገች። መድኃኒቱ በተወጋበት ቦታ አንዲት ለጋ ላባ ቡናማ ሆና ብቅ ብላለች።

እህትየው ጓንቷን አውልቃ ላባዋን በባዶ ጣቷ ዳበሰቻት።

«ለእኔስ?»

«ገና ነው እቴቴ። ከዶሮ እስከ ሰው መንገዱ ሩቅ ነው። መድኃኒቱ ሲቆምም ተመልሶ ሊነጣ ይችላል። አልዋሽሽም።»

«ተይ፣ አትዋሺኝ» አለች እህትየው፤ ከዚያ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «በዶሮ ልቀደም? ወይ ዕድሌ!»

እንደተፈራውም መድኃኒቱ ሲቆም ላባው ነጣ። ለሰው የሚሆን ቅባት ከብዙ ዘመን በኋላ በሌሎች እጅ ተሠርቶ ሲመጣ፣ እህትየው አርጅታ ነበር። «አሁንማ ለማን ልኳኳል ብለሽ ነው?» ብላ ሳትሞክረው ቀረች።

ነጯን ዶሮ ካቀፈችባት ከዚያች ቀን በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሮ ቤቱን አዘወተረች። እጅጌዋን ሰብስባ መኖ እየበተነች፣ «ነጮች ወደ እኔ፣ ቡናማዎች ወደ እሷ!» ስትል ሠራተኞቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ዶሮዎቹ እንደሆኑ ወገን አይለዩም፤ ሁሉም እሷው እግር ሥር ይንጋጋሉ። ታናሽየዋም «አስለመድሽብኝ!» እያለች ትቆጣለች፤ የውሸቷን።