ከሩቅ ሲታይ ኢዮብ

ትርንጎ የምትሰፋው ወልቂጤ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት አልፏታል። እኩዮቿ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት የልጅ ልጅ ሲጠሩ እሷ ግን አንዴ ሞክራ ታስገባለች፤ ጥቁር ስፌት ከጥቁር ጨርቅ ላይ ለቅማ ትተረትራለች። ሴቶቹ «የትርንጎን ዓይን በሰጠን» ይላሉ። እሷም ዓይኗን አንድ ቀን ተጠራጥራው አታውቅም።

አውቶቡስ ሲገባ ግን ቀና ትላለች። ከሚወርዱት መካከል ረጅምና ቀጠን ያለ ወጣት ካለ እግሯ ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ይነሣል። ልጇ ኢዮብ ነው። ትከሻው የእሱ ነው፤ አረማመዱም የእሱ ነው። ሰውየው እየቀረበ ሲመጣ ፊቱ ቀስ በቀስ ይለወጥና የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል። ያኔ አንገቷን ትደፋና ስፌቷን ትቀጥላለች።

ኢዮብ ከጓደኛው ከሀቢቡ ጋር ወደ ሰሜን ግንባር የሄደው በ1991 ዓ.ም. ነው። ሀቢቡ ተመለሰ፤ ቡታጅራ ገብቶ የብየዳ ሥራ እንደጀመረ ትርንጎ ሰምታለች። እሱ ግን አንድ ቀን መጥቶ አልጠየቃትም፤ እሷም ሄዳ አልጠየቀችውም። የኢዮብ መርዶ አልመጣም፣ ኢዮብም አልመጣም። ጦርነቱ ካበቃ ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤት «እርምሽን አውጪ» ሲላት እሺ አትልም። በየቀኑ ከሩቅ የምታየውን ልጅ ሞቷል ብላ እንዴት ታልቅስ?

የኢዮብ ታናሽ እኅት ሊዲያ ባሏ ሥራ ፍለጋ ከወጣ ወዲህ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ልጇ ኤደን ሦስተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን አስተማሪዋ ሊዲያን አስጠርታ፣ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ከሰሌዳ የምትገለብጠው ግን ሁሉ ስሕተት ነው። ዓይኗን አሳይዋት» አለቻት።

ትርንጎ ስትሰማ ተቆጣች። «ሕፃን ልጅ ላይ መነጽር ሊጭኑ ነው? አንዴ ከለመደችው ዓይኗ ይሰንፋል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከእሱ አትላቀቅም።»

«እማዬ፣ ቡታጅራ የዓይን ክሊኒክ አለ። አብረሽን ነይና አንቺው ጠይቂያቸው» አለች ሊዲያ።

ትርንጎ የሄደችው ልትከራከር ነው። በአገና በኩል በሚኒባስ ሄደው ቡታጅራ ሲደርሱ የክሊኒኩ ግቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። ተራ ሲጠብቁ፣ ከግቢው ማዶ ምሰሶ ተደግፎ የቆመ ረጅም ሰው አየች። ልቧ እንደ ልማዱ ሄደ። ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ተራቸው ደረሰ።

የምትመረምረው ባለሙያ ማዕዶት ትባላለች፤ ከጎንደር ተመድባ የመጣች፣ ረጋ ያለች ወጣት ናት። ኤደንን ከሰንጠረዡ ርቃ እንድትቆም አደረገቻትና የፊደሎቹ እግር ወዴት እንደዞረ ጠየቀቻት። ኤደን ከላይ ካለው ትልቅ ፊደል በስተቀር ሁሉንም ሳተች። ማዕዶት የመነጽር መስተዋት እየቀያየረች ስትሞክርላት ግን ልጅቷ እስከ ታች ድረስ አንድ በአንድ ትናገር ጀመር።

«ችግሯ የቅርቡን ብቻ ማየት ነው» አለች ማዕዶት። «የዓይኗ ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ትንሽ ረዝሟል። የሩቅ ነገር ምስል ከዓይን ጀርባ ካለው ስስ ሽፋን ላይ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ያርፋል። ስለዚህ የቅርቡ ይጠራላታል፤ የሩቁ ይደበዝዝባታል።»

«መነጽሩ አያሰንፋትም?» አለች ትርንጎ።

«አያሰንፋትም፣ እማማ። ዓይኗን የሚጎዳት መነጽሩ አይደለም። እያደገች ስትሄድ ሊጨምር ስለሚችል በየዓመቱ አምጧት። ስታነብ መጽሐፉን ከፊቷ ራቅ ታድርግ። ደግሞ ውጭ ትጫወት፤ በቀን ብርሃን ደጅ የሚውሉ ልጆች ላይ በሽታው ይቀንሳል። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው አለ? ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል።»

ሊዲያ «እኔ ደህና አያለሁ» አለች። ከዚያ ግን እናቷን አየች። «ኢዮብ…» አለች ቀስ ብላ።

ትርንጎ ወደ ልጇ ዞረች። ኢዮብ መጽሐፍ ሲያነብ አፍንጫው ገጹን ይነካ ነበር። ከመንገድ ማዶ ሰላም ያሉት ሰዎች «ልጅሽ ኮርቷል፤ አይቶ እንዳላየ ያልፋል» ብለው ይከሷት ነበር። ማትሪክ ሲወድቅ አባቱ ሰነፍ ብሎ ሰድቦታል። ሁሉም ነገር ዓይኗ ፊት ነበር፤ ማንም ግን አላየለትም።

«እርስዎንም ልይዎት?» አለቻት ማዕዶት።

«የእኔ ዓይን ጤነኛ ነው። መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ።»

«ለዚህ እኮ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ መነጽር መርፌ የሚያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሩቁን አያዩም።»

ማዕዶት የመሞከሪያውን ክፈፍ ፊቷ ላይ አስቀምጣ ሁለት መስተዋት ከተተችበትና ወደ መስኮቱ አዞረቻት። ግቢው እንዳለ ወደ ትርንጎ ቀረበ። የእንሰቱ ቅጠል ጠርዙ የተቀደደ ነበር። ከምሰሶው አጠገብ የቆመው ሰው ፊት ነበረው፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ጥርሱን በመፋቂያ የሚፍቅ ሰው ነው። ትርንጎ ክፈፉን ከፊቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

የሁለቱም መነጽር በሳምንቱ ደረሰና ሦስቱም ሊወስዱ ቡታጅራ ተመለሱ። ማዕዶት «ሲሰፉ ያውልቁት፣ መንገድ ላይ ያድርጉት» ብላ ሰጠቻት። ኤደን የራሷን አድርጋ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ትርንጎ ግን የቡታጅራን ዋና መንገድ ይዛ የሚያልፈውን ወጣት ሁሉ ከሩቅ ታይ ነበር። እያንዳንዱ ከመጀመሪያው የራሱ ፊት ነበረው። ከባጃጅ የሚወርደውም፣ ከመስጊድ የሚወጣውም። የማንም ፊት የኢዮብ ሆኖ አልጠበቃትም። ከእጇ ላይ ልጇን በአደባባይ የሚወስዱባት መሰላት።

«ኤደንን ይዘሽ መናኸሪያ ጠብቂኝ» አለቻት ሊዲያን። «ሀቢቡ ጋ እደርሳለሁ።»

ሰው ጠይቃ ብየዳ ቤቱን አገኘችው። ሀቢቡ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ የመስኮት ብረት ይሞርዳል። ከበሩ ላይ «ሀቢቡ!» አለችው። አልዞረም። ደግማ ጠራችው፤ ሞረዱ ቆመ፣ እሱ ግን አልዞረም። ገብታ ትከሻውን ስትነካው ብድግ አለ።

«እትዬ ትርንጎ!» እጇን ሊስም ጎንበስ ብሎ በዚያው ቀረ።

«ልጄ፣ ኢዮብ ያይ ነበር?» አለችው። «ሩቁን ያይ ነበር?»

ሀቢቡ ሞረዱን አስቀመጠ። ወንበር ሰጣት፤ እሱ ብረት ላይ ተቀመጠ።

«አያይም ነበር» አለ። «ስንመዘገብ የዓይን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ነበር። ውሃ ልጠጣ ብሎ አጠገቡ አለፈና ሸመደደው። ሲመለስ እየሳቀ ‹አለፍኩ› አለኝ።»

«ለምን እንዲህ አደረገ?»

«ማትሪክ ወድቆ ቤት ቁጭ ማለት አፍሮ ነበር። እዚያም እኔ ነበርኩ ዓይኑ። በጨለማ ስንጓዝ ቀበቶዬን ይዞ ይከተለኛል። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«ከዚያስ?»

«እትዬ፣ ይቅርብዎ።»

«ንገረኝ።»

«ንጋት ላይ ነው። ቦታ እየለቀቅን ነበር፤ እሱ ከእኛ ተነጥሎ ከፊት፣ በጠላት በኩል ቀርቷል። ከሸለቆው ማዶ ሰዎች መጡ። የእኛ እንዳልሆኑ ሁላችንም እናያለን። እሱ ተነሥቶ ቆመ፤ እጁን አውለበለበ። ‹ሀቢቡ!› ብሎ ጠራ። እኔ ከኋላው ነኝ፣ እሱ ወደ እነሱ ይጠራል። ጮህኩ፤ በዚያ ሁሉ ተኩስ መካከል አልሰማኝም። እየጠራኝ ወደ እነሱ ሄደና ወደቀ።»

«ተነሣ?»

«አልተነሣም።»

«አየኸው?»

«በዓይኔ አየሁት። እንዴት መጥቼ ይህን እነግርዎታለሁ? ዛሬም ሰው ከሩቅ ስሜን ሲጠራ መዞር ያቅተኛል።»

ትርንጎ ወደ በሩ ዞረች። ከዚያ፣ «ምን ያህል ይርቁ ነበር?» አለችው።

ሀቢቡ በበሩ በኩል ጠቆማት። «እስከዚያ ወፍጮ ቤት ድረስ።»

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሰዎች እህል ይዘው ቆመዋል። ትርንጎ መነጽሯን አወለቀች። ፊታቸው ሁሉ ጠፋና ቁመትና ቀለም ብቻ ቀረ። አንዱ ወንድሟን መሰላት፤ አንዷ ሊዲያን መሰለቻት። ሁሉም የምታውቃቸው ነበሩ። ልጇ ያየውን አየችና እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለች ጮኸች። ከወፍጮ ቤቱ ሰዎች ሮጠው መጡ።

ለቅሶው ወልቂጤ ሆነ። ድንኳን ተጣለ፤ የትርንጎ ጸሎት ቤት ሰዎች እየመጡ ዘመሩ፣ ጸለዩ። ሀቢቡ ከሚስቱ ከሃሊማ ጋር ከቡታጅራ መጥቶ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠ። እንግዳ የገባ ሁሉ ሲጨብጠው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ድንኳኑ ሲነሣ ትርንጎ አንገቱን አቅፋ «አሁን ልጄ ነህ፤ እንዳትቀር» አለችው።

ከሳምንታት በኋላ ኤደን ደጅ ስትጫወት ውላ ገብታ ከአያቷ አጠገብ ተቀመጠች። የሰማችውን ስታብላላ ከርማ ኖሯል።

«እማማ፣ አጎቴ ያን ቀን ጓደኛውን ያየ መሰለው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ደስ ብሎት ነበር?»

ትርንጎ ይህን አስባ አታውቅም። ልጅቷ ወጥታ ስትሄድም ጥያቄው ቤቱ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ የሊዲያን ስልክ ወስዳ ሀቢቡ ጋ ደወለች።

«ልጄ፣ ሲጠራህ ድምፁ እንዴት ነበር?»

ከሀቢቡ በስተጀርባ ሰው ብረት ይመታል።

«እትዬ» አለ፣ «ጠፍቶ ቆይቶ ሰው ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር። ደስ ብሎት ነበር።»

ትርንጎ አመሰገነችው። ስልኩን ዘጋችና ይህ ያጽናናት ይሁን ያባሰባት ሳታውቅ፣ ሊዲያ መጥታ ስልኩን ከእጇ እስክትወስድላት ድረስ እንደያዘችው ቆየች።