ድንበር ያሻገረ ዜማ

ፒክሪያ ከበርሊን የእርሻ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ትውልድ አውራጃዋ ወደ ጉሪያ ስትመለስ ያመጣችው አንድ የእጅ ሰዓትና ብዙ ጥርጣሬ ነበር።

ያን ሰኞ የጠረጠረችው ዘፈንን ነው። በማግስቱ ዝናብ ይጥላል ተብሏል፤ የአክስቷ የማክቫላ በቆሎ ከዝናቡ በፊት ካልተኮተኮተ አረም ይውጠዋል። በቆሎው ከተዋጠ ደግሞ ማክቫላ መሬቱን ለአንድ የከተማ ሰው ልትሸጥ ቆርጣለች፤ ሰውየው መልሷን ሊሰማ ማታ ይደውላል። ስለዚህ ፒክሪያ ለደቦ የመጡትን አሥራ አንድ ሰዎች በጠዋት ሰብስባ፣ ዛሬ ዘፈኑ ይቅር፣ ትንፋሻችሁን ለሥራው አድርጉት ብላ ለመነቻቸው።

"በርሊን ሲኮተኩቱ ሬሳ ቤት አስቀምጠው ነው እንዴ?" አለ አንዱ።

ቢሆንም ከሩቅ አገር የመጣች ናትና እሺ አሏት። አንዱ ወገቡን ያዘ፣ ሌላው ሲጋራ ለኮሰ፣ አንዷ የምራቷን ክፋት ለማውራት መኮትኮቻዋን ተደገፈች። እኩለ ቀን ላይ የማሳው ሩብ እንኳ አላለቀም። ፒክሪያ ሰዓቷን አይታ እንባዋ መጣ።

ማክቫላ የበቆሎ ቂጣዋን በወይን አወራርዳ ተነሣች። "በይ የኔ ልጅ፣ እሱን ሰዓት ኪስሽ ክተቺው" አለችና ዜማ አወጣች።

ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ ዜማው ፈጠነ፤ ዜማው ሲፈጥን መኮትኮቻው ፈጠነ። ወገቡን ይዞ የነበረው ሰው ከሁሉ ቀደመ። ፒክሪያም ከወፍራሞቹ ድምፆች ሥር ገብታ ማጉረምረም ጀመረች፤ የበቆሎው ተርታ እንደ ምንጣፍ እየተጠቀለለ ከኋላ ቀረ። ማሳው አለቀ።

ዜማው ግን አላለቀም። ማክቫላ በችኮላ ያወጣችው፣ ቀጭን ድምፅ ከላይ ካልዘጋው የማያልቀውን ነበር። ሳይዘጉ ማቆም ደግሞ ነውር ነው። ያ ቀጭን ድምፅ በመንደሩ ያለው የማክቫላ የድንበር ጎረቤት ኤርሚሌ ብቻ ሲሆን፣ የእሷ አሳማ የእሱን ባቄላ ከበላ ወዲህ ከተኮራረፉ ሰባት ዓመታቸው ነው። ምን ይደረግ፤ እየዘፈኑ ድንበሩን ተሻግረው የኤርሚሌን በቆሎ ይኮተኩቱ ጀመር።

ኤርሚሌ በካልሲው ከቤት ወጣ። የማን መሬት ላይ እንደቆሙ ጠየቃቸው፤ የመለሰለት የለም፣ አፋቸው ሥራ ላይ ነው። ጆሮውን ያዘ። አንድ ዙር ታገሠ፣ ሁለተኛውን ታገሠ። በሦስተኛው አንገቱን ወደ ሰማይ ቀልብሶ፣ ዶሮዎቹ እስኪበረግጉ፣ ያን ቀጭን ድምፅ ለቀቀው። ዜማው ተዘጋ።

ሁሉም ማክቫላንና እሱን ያያል።

"ሰባት ዓመት" አለ ኤርሚሌ እያለከለከ፣ "በየጠዋቱ የዚያን አሳማሽን ጩኸት ስሰማ ኖርኩ።"

"አሳማው ከታረደ እኮ አምስት ዓመቱ ነው።"

"ታዲያ ማነው የሚጮኸው?"

"እኔ ነኛ። ስዘፍን።"

ፒክሪያ በሳቅ አፈር ላይ ተቀምጣ ሆዷን ያዘች። ሌሎቹም አልተሻሉም። ኤርሚሌ ለመቆጣት ሞክሮ አልሆነለትም። መኮትኮቻውን አምጥቶ፣ የሰው ማሳ ጀምሮ መተው ያስጠይቃል፣ በሉ ቀጥሉ አላቸው።

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ከቀጠሮው ቀድሞ አመሻሹ ላይ ሲወርድ፣ ማክቫላ ያስያዘቻት ስልክ በፒክሪያ ኪስ ውስጥ ጮኸ። የከተማው ሰው ነው።

"አክስቴ፣ ምን ልበለው?"

ማክቫላ መኮትኮቻዋን ሳታሳርፍ፣ በሁለት ስንኝ መሀል ትንፋሽ ሰርቃ፣ "ዜማ ላይ ነን በይው" አለች።