ዞሮ ዞሮ የሚቃጠል ቅጠል

ሙሉጌጥ ልጇ ስታስል ከሰማች ያን ቀን እህል በአፏ አይዞርም። አምና ፌበን በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝታ ከሞት የተረፈችው ለጥቂት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷም በዚያው አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናትየዋ ነፋስ በሩን ሲነካው ትደነግጣለች፤ ስልክ ሲጮህ «በስመ አብ» ሳትል አታነሳም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ሲባል ከሰማችማ ሰው በስሟ የጠራት ያህል ክው ትላለች።

ፌበን ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው የእንጆሪ ቅጠል ነው። የጫካውን ሳይሆን፣ አቶ ተክለጻድቅ የሚባሉ አዛውንት እንጦጦ ላይ ያለ ማዳበሪያና ያለ መድኃኒት፣ በፍግ ብቻ የሚያለሙትን ትልልቁን ጥቁር እንጆሪ። ሦስት ዓይነት ዝርያ አላቸው። የፈረንጅ ስማቸው አልያዝ ሲላቸው እሾሃሟን «ምቀኛዋ»፣ እሾህ የሌላትን «መላጣዋ»፣ ዘግይታ የምታፈራውን ደግሞ «እመት ቀስ በቀስ» ብለው ስም አወጡላቸው። ፌበን ከሰኔ ጀምራ በየወሩ ከሦስቱም ቅጠል ትለቅማለች፤ አጥባ፣ በጥላ አድርቃ፣ በካኪ ከረጢት ትከትና ወሩንና ዝርያውን ጽፋበት ቀበና እቤታቸው አልጋዋ ሥር ትደረድረዋለች። ቅጠሉ በክረምት ምን ያህል ምግብ እንደያዘ፣ ፍሬ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚቀረው የሚታወቀው በዚያ ነው።

«ቅጠሏ ፍሬዋን ታጎርሳለች ማለት ነው፣ እማ» አለቻት አንድ ቀን። «ናይትሮጅኑንም ፖታሺየሙንም ትለቅላታለች። ካልሲየም ግን እንዳንቺ ነው፤ አንዴ የያዘውን አይለቅም።»

«እሰይ! አንጀት ያለው እሱ ነው በያ።» ሙሉጌጥ ሳቀችና፣ «ከዚያስ ይሄን ሁሉ ቅጠል ምን ታደርጊዋለሽ?» አለቻት።

«ላቦራቶሪ ይገባል። ይፈጫል፤ ዞሮ ዞሮ ይቃጠላል። አመዱ ነው የሚለካው።»

ይህ ጥናት የሚደገም አልነበረም። የአቶ ተክለጻድቅ ልጆች «ይሄን እሾህ ነቅለን ድንች እንትከል» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሽማግሌው «በፍግ ብቻ ችላ የምትኖረው የትኛዋ እንደሆነች ፌበን ትንገረኝ፤ እሷን አስቀርቼ ሌላውን እንነቅላለን። ካላወቀችው ሁሉም ይነቀል» ብለው እስከ ጥር ቀጠሯቸው። ዩኒቨርሲቲውም ለፌበን ሌላ ዓመት እንደማይጨምርላት አስታውቋታል። ይህን ሁሉ ሙሉጌጥ ታውቃለች።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በዚያ ቀን የአዲስ አበባ ሰው ጓዳ ጎድጓዳውን ጠርጎ፣ ጥራጊውን ደጅ አውጥቶ ያጥናል፤ ድሮ የኅዳር በሽታ የስንቱን ቤት ከዘጋ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው። እንደ ቀድሞው ባይሆንም፣ በቀበና ወንዝ ዳር ከየግቢው ጭስ ይነሳ ነበር። ፌበን የመጨረሻውን ዙር ቅጠል ልትለቅም በጠዋት እያሳለች ወደ እንጦጦ ወጥታለች። ሙሉጌጥ የልጇን ክፍል ልትጠርግ አልጋውን ሳብ ስታደርገው አንዱ ከረጢት ተንሸራተተና ደቃቅ አቧራ ቦነነ። አስነጠሳት። ከረጢቱን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

ጎረቤቷ እየሩስ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ኖሮ፣ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«የፌቢ ቅጠል ነው። አልጋዋ ሥር ሞልቷል።»

«አልጋዋ ሥር? ኧረ አንቺ ሴት! በሽታውን እቤት አስተኝተሽ ደጁን ታጥኛለሽ? ከዚያ ደግሞ ልጄ ለምን ታስላለች ትያለሽ!»

«ዝም በይ እስቲ፤ የትምህርቷ ነው።»

«እንግዲህ ከሳንባና ከትምህርት የሚበልጠውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ምን አገባኝ» ብላ እየሩስ ወደ ጭሷ ተመለሰች።

ነገሩ ሙሉጌጥን እንደ መርፌ ወጋት። ስልኳን አንስታ ደጋግማ ደወለች፤ የእንጦጦ ኔትወርክ አልያዝ አለ። ከረጢቱን ይዛ ቆመች። ዞሮ ዞሮ ይቃጠላል፣ ብላኛለች። የሚለካው አመዱ ነው፣ ብላኛለች። ታዲያ ዛሬ ቢቃጠል ምን ይላል? አመዱ እንደሆነ አይጠፋ። ልጄም ዛሬ ማታ ንጹሕ አየር እየተነፈሰች ትተኛለች።

ጥንቃቄዋስ ለጉድ ነበር። ከጥራጊው እሳት ራቅ አድርጋ ንጹሕ ቆርቆሮ አነጠፈች። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እያመጣች ከነጽሑፋቸው አቃጠለች። ነፋስ እንዳይወስደው በነጠላዋ ከለለችው። ሲበርድ አመዱን በማንኪያ እየሰበሰበች፣ አጥባ ባደረቀችው የወተት ጣሳ ከተተችና ከደነችው። ከዚያ አማተበች። ከአምና ወዲህ እንደዚያን ቀን ቀለል ብሏት አያውቅም።

ፌበን ከሰዓት በኋላ ገባች። ሙሉጌጥ በር ላይ ተቀብላ ጣሳውን ሰጠቻት።

«ሥራሽን ጨርሼልሽ ጠበቅሁሽ፣ የኔ እናት።»

ፌበን ከፍታ አየችው። ፈገግ አለች። «ምንድን ነው?»

«አመዱ ነዋ! የቅጠልሽ።»

«የቱ ቅጠል?»

«ሁሉም። ብናኝ እንኳ አልደፋሁብሽም።»

ፌበን ጣሳውን መሬት አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ሮጠች። በጉልበቷ ተንበርክካ አልጋው ሥር አየች። ባዶ ነው። ካየችም በኋላ አልተነሳችም። ሙሉጌጥ በሩን ይዛ ቆመች፤ አንድ ነገር እንደተበላሸ የልጇ ጀርባ ነገራት።

«አመዱ ነው የሚለካው አላልሽኝም?»

«እያንዳንዱ ለብቻው ነው፣ እማ። የሰኔው ለብቻ፣ የነሐሴው ለብቻ። የምቀኛዋ ለብቻ፣ የመላጣዋ ለብቻ።» ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። «አሁን ሁሉም አንድ አመድ ነው። ናይትሮጅኑማ በጭሱ ሄዷል።»

«እንደ ገና ቢለቀምስ? ቅጠል እንደሆነ ሞልቷል፤ እኔም አብሬሽ እለቅማለሁ...»

«ሰኔን ከየት ነው የምለቅመው?»

ሙሉጌጥ ልጇ ብትጮህባት፣ ብትሰድባት በወደደች። ፌበን ግን ፊቷን አልጋው ላይ ደፋች።

በማግስቱ ፌበን ለአቶ ተክለጻድቅ ልትነግራቸው ስትነሳ እናቷ ተከተለቻት። ሽማግሌው ከእንጆሪው ረድፍ መካከል ቆመው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሙሉጌጥ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ክረምት ብቻ ይታገሡላት።»

«ተነሺ፣ ተነሺ፤ እኔ ጻድቅ ነኝ እንዴ የምትሳለሚኝ» አሉ እጇን ይዘው። «እኔማ አሥር ክረምትስ ብታገሥ። ግን ለልጆቼ የሰጠሁት ቃል አለ፤ ጉልበቱም የነሱ ነው።» ወደ ፌበን ዞሩ። «በግምት ንገሪኝ ልጄ። የትኛዋን ላስቀር?»

ፌበን ሦስቱን ረድፍ ለረጅም ጊዜ አየች። እመት ቀስ በቀስ ገና ቀይ ፍሬዋን አንጠልጥላለች።

«አላውቅም፣ አባባ። በግምት ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።»

«እንግዲያው ሁሉም ይነቀላላ» አሉ ሽማግሌው። ከመላጣዋ የበሰሉትን ለቅመው ለፌበን በእጇ ሰጧት። ሙሉጌጥ ከልጇ መዳፍ ላይ አንዲት ፍሬ እንኳ ለማንሳት አልደፈረችም።

እስከ ፈረንሳይ ሰፈር ድረስ ቁልቁለቱን በእግራቸው ወረዱ። ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርሱ ፌበን፣ «ከክፍል ጓደኛዬ ከሰኚ ጋር ሲግናል ሰፈር ቤት ልንከራይ ነው» አለች።

«ተቀይመሽኝ ነው?»

«አልተቀየምኩሽም።»

«ታዲያ ምን አደረግሁሽ? ቅጠሉን... እሱን እንደሆነ...»

«ቅጠሉ አይደለም፣ እማ። እኛ ቤት ሁልጊዜ በሽተኛ ነኝ። ሳልታመምም በሽተኛ ነኝ።»

ሙሉጌጥ ስንቱን ክፉ ስታስብ ኖራለች፤ መኪና ሲገለበጥ፣ ሳንባ ሲዘጋ፣ ልጇ ከገደል ስትወድቅ። ልጇ ጤነኛ ሆና፣ በእግሯ ቆማ፣ ሳትቆጣ ከቤት የምትወጣበትን ቀን ግን አስባው አታውቅም። ለዚህ የሚሆን ጸሎት አላዘጋጀችም።

«ቀበና አንድ ሰው! የሞላ ነው፣ አንድ ሰው!» ረዳቱ በሩን ይዞ ይጮሃል።

«ግቢ፣ እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ» አለች ፌበን።

«አብረን እንጠብቅ...»

«እማ። ግቢ።»

ገባች። ፌበን ነጠላዋ በሩ ላይ እንዳይያዝባት ጫፉን ሰበሰበችላትና በሩን ዘጋችው።