ያላመንኩት ወገብ

በቀን አሥራ አራት ወገብ አሻለሁ። ታካሚዎቼ እጅሽ መድኃኒት ነው ይሉኛል። ሹፌሩን "ቀስ ብለህ ተነስ"፣ ጡረተኛዋን "እማማ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ" እያልኩ ስለማመጥ እውላለሁ። ቤት ስገባ ግን አንደበቴ ይመርራል። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ በየወሩ ሦስት ቀን ወገቧን ይዛ ስትታጠፍ፣ "በወር አበባ የሞተ የለም፤ ተነሺ፣ አትቀበጪ!" እላት ነበር። እኔ አንድ ክኒን ውጬ የማልፈው ነገር ስለሆነ የሷም እንደዚያው መስሎኝ ነው። ሞኝነት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

ከስምንት ወር በፊት አንድ ጧት ከአልጋዋ መነሳት አቅቷት ከሥራ ቀረች። የምትሠራበት የልብስ ስፌት አለቃዋ ስልኳ አልነሳ ሲለው ለእኔ ደወለ።

"እውነት ታማ ነው?" አለኝ።

ተራ የሚጠብቀው ታካሚ ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ ጧት ሙሉ ስታቃስት ሰምቼም በግኛለሁ። "ምንም አልሆነችም፣ ትመጣለች" ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ አለቃዋ የአንድ ቀን እረፍት ሰጥቷት አያውቅም። እሷ ምክንያቱን አታውቅም ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ማታ ማታ ፊቷን ማየት ይከብደኝ ነበር፤ ግን ዝም አልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ የአዲስ ታካሚዎችን ካርድ ልፈርም ተቀመጥኩ። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉን የምመራው እኔ ስለሆንኩ ጀማሪ ባለሙያዎቹ የጻፉትን ሳላነብ አላልፍም። ሦስተኛው ካርድ የእህቴ ነበር። ሐኪም መርምሯት፣ በአልትራሳውንድም አይቷት፣ ሌላ በሽታ የለም፤ የወር አበባዋ ቁርጠት ነው ወገቧን የሚይዛት ብሎ ወደ እኛ ልኳታል። ለእኔ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ጀማሪዋ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብላለች፦ "ሕመሙ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት። ስፌት ማሽን ላይ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታለች። ከዚህ በፊት እርዳታ ጠይቃ ታውቃለች? አዎ፣ እህቷን።"

ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ እኔ አልሰማሁም። እኔ ብሎ የወገብ ባለሙያ!

እህቴ የምትታከምበትን አልጋ መጋረጃ ገልጬ ገባሁ። በጎኗ ተኝታለች፤ ጉልበቶቿ መሃል ትራስ፣ ወገቧ ላይ የሞቀ ፎጣ አለ። ጀማሪዋ "በአፍንጫሽ ሳቢ፤ ሆድሽን ለቀቅ አድርጊው" ትላታለች።

"እኔ ልቀጥልላት" አልኩ።

እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "እሷው ትሥራልኝ፣ እትዬ" አለች። በቁጣ አልነበረም፤ የባሰብኝም እሱ ነው።

ጀማሪዋ ፎጣውን ልትቀይር ስትወጣ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ያን ቀን... አለቃሽ ደውሎልኝ ነበር። ምንም አልሆነችም ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

"አውቃለሁ" አለች። "የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል።"

ስምንት ወር ሙሉ! ስምንት ወር ሙሉ ምሳዬን ስትቋጥርልኝ፣ ደክሞኝ ስገባ እግሬን የምነክርበት ውሃ ስታሞቅልኝ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?" አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

አሁን ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

"ምን ልበልሽ? አሞኛል ብዬሽ አልነበረም እንዴ?"