አደራ ለጋሽ መጥረጊያ

እናቴና አጎቴ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ከተማውን አገላብጬ ላሳያቸው ቆርጬ ነበር። ማማው፣ ሙዚየሙ፣ ወንዙ ላይ የሚሄደው ጀልባ፣ ሁሉንም በየቀኑ ደልድዬ ነው የጠበቅኳቸው። ልታይ ልታይ ማለቴ አልነበረም፤ ደህና መሆኔን እኔ ሳልናገር ራሳቸው አይተው እንዲያምኑልኝ ፈልጌ ነው። የምማረው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቶኛል።

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከአየር ማረፊያ በባቡር ስንመጣ እናቴ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱ ይሄኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ስሚማ፣ በኋላ አልነገርከኝም እንዳትዪ። አባትሽ ምን ብሎ እንደሸኘን ታውቂያለሽ?»

«ምን አለ?»

«‹አደራ የምትሰጪው ሰው ካገኘሽ ትጨርስ፤ ካጣሽ ግን ይዘሻት ነይ። ጥርስ እዚህም ይሠራል› ነው ያላት። እናትሽን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ዝም ብላ ታያለች እንጂ አስቀድማ አትናገርም።»

በብርዱ ወራት አሞኝ ስልክ ሳላነሳ ቀናት ማለፋቸው አባቴን እንዳስደነገጠው አውቃለሁ፤ እዚህ ድረስ ይሄዳል ብዬ ግን አላሰብኩም። ደግሞስ አደራ! እናቴ እኔን ለአስተማሪ፣ ለነርስ፣ ለታክሲ ረዳት፣ አንድ ጊዜማ ወረፋ ላይ ከፊታችን ለቆመች ሴትዮ ሁሉ አደራ እየሰጠች ነው ያሳደገችኝ። አደራ ሳትሰጥ ትታኝ የሄደችበት ቦታ የለም። እዚህስ ለማን ትስጠኝ? የምኖርበት ሕንጻ ሰው ሁሉ ቁልፉን አዙሮ ገብቶ፣ ቁልፉን አዙሮ የሚወጣበት ነው።

የመጡ ዕለት ሻንጣቸውን ስንፈታ ከወለሉ ሥር ዷ! ዷ! ዷ! የሚል ድምፅ ተሰማ። እኔ ለምጄዋለሁ። ከታች የሚኖረው ሽማግሌ ኮቴ በበዛበት ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደልቃል፤ ዝም በሉ ማለቱ ነው። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ አንገት ከመስበር በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። በልቤ «መጥረጊያው» ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ።

እናቴ የያዘችውን ፎጣ ጣል አድርጋ ወደ ወለሉ ጎንበስ አለችና «አቤት!» አለች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ጎረቤት ነው፣ ተይው።»

«ጎረቤት ጠርቶን ዝም ይባላል እንዴ? የቸገረው ነገር ቢኖርስ?»

«መጥረጊያው ምንም አልቸገረውም።»

«ማነው ያልሽው?»

ያወጣሁለትን ስም ስነግራት ተቆጣች። «ትልቅ ሰው መጥረጊያ ይባላል? ቢያንስ ጋሽ አትዪም?»

አጎቴ ሳቁ አመለጠውና «ጋሽ መጥረጊያ!» አለ። ስሙም በዚያው ጸና። ድምፁ ጥሪ ሳይሆን ቁጣ መሆኑን ግን ትንፍሽ አላልኩም። ጎረቤቶቼ በዱላ የሚያናግሩኝ መሆኑን ብትሰማ ሻንጣዬን ያኔውኑ ታወርደው ነበር።

በማግስቱ ማማው ላይ ወጣን። አጎቴ ቁልቁል የአውቶቡሶቹን አዟዟር እያየ «ይሄ ልጅ መሪ አልጨበጠም፤ አሁን ያቺን ጥግ ይበላታል» እያለ ሹፌሩን ከሰማይ ሆኖ ሲገስጸው ቆየ። እናቴ የብረቱን አጥር ይዛ ጣሪያዎቹን ስታይ ቆይታ «ያንቺ ቤት የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ጣሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

«ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ብትወድቂ የሚያነሳሽ ማነው?»

«አምቡላንስ አለ» አልኳት። ምን ነክቶኝ እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም። እናቴ አንገቷን ነቀነቀችና ወደ ሊፍቱ ሄደች።

ሙዚየሙም አልረዳኝም። እግሬን አመመኝ ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሥዕሎቹን ትታ ጠባቂውን ስታይ ዋለች። «ይሄ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው?» እያለች አዘነችለት።

የቀረኝ ተስፋ ትምህርት ቤቱ ነበር። የምንሠራበት ክፍል ሰምና ጄሶ ይሸታል፤ መደርደሪያው ላይ ከጄሶ የተሠሩ መንጋጋዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። አጎቴ የፊት ጥርሱ የወለቀበትን ቦታ በእጁ ከልሎ ዙሪያውን ቃኘና «የነዚህ ሁሉ ባለቤቶች አሁን ምን እየበሉ ነው?» አለ። ከሰም የቀረጽኩትን መንጋጋ ጥርስ ለእናቴ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አገላብጣ አየችው። «ውይ! ጥርስ እኮ ነው» አለች፤ ፊቷ በራ፤ ነፍሴ መለስ አለች።

ይሄኔ አስተማሪዬ ገባ። እናቴ ልብሷን አስተካክላ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና ልጄን አደራ ማለት ጀመረች። እኔም እየተርበተበትኩ ተረጎምኩ። አስተማሪዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈገግ ብሎ ሰማት።

«የመስኮቱ ጥግ የምትቀመጠዋ ናት አይደል? ጎበዝ ናት። ጠረጴዛዋ ሁሌም ንጹሕ ነው» አለና ሰዓቱን አየት አደረገ። ሌሎች ተማሪዎች እየጠበቁት ነበር።

«ምን አለ?» አለች እናቴ። ነገርኳት።

«ጠረጴዛሽን ነው እንዴ የሚያውቀው?» አለች። ጥርሱን መልሳ አስቀመጠችው።

ቤት ስንደርስ እናቴ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ያ ትልቁ ሻንጣሽ የታለ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሳልጨርስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም! ሥራውን ወድጄዋለሁ። እጄ ገና አሁን ነው የገራልኝ። ደግሞ ልጅ አይደለሁም!»

«እኔስ መች ጠላሁልሽ? አባትሽን ምን ልበለው? ለማን ሰጥተሻት መጣሽ ሲለኝ ለማማው ልበለው?»

ሆድ ባሰኝ፤ እያለቀስኩ ክፍሏን ከመስኮት እስከ በር እወርዳለሁ እወጣለሁ። አጎቴ መሬት መሬት ያያል። ከሥራችን ዷ! ዷ! ዷ! ተባለ።

እናቴ ብድግ አለች። ወለሉን በተረከዟ ሦስቴ መታችና «አቤት፣ መጣን!» ብላ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ ወጣች። እየሮጥኩ ደረጃው ላይ ደረስኩባት።

«እማዬ፣ እየጠራን አይደለም! ተቆጥቶ ነው!»

«ቢቆጣም ጎረቤት ነው» አለች፤ ዞራም አላየችኝ።

ሽማግሌው መጥረጊያውን እንደያዘ በሩን ከፈተ። ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ የሹራቡ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል። እናቴ ዝቅ ብላ እንዴት ዋሉ፣ ደህና ነዎት ወይ፣ ጤናዎስ፣ እያለች በአማርኛ አዥጎደጎደችው። እሱ ብርቱካኑን ያያል፣ እኔን ያያል። እናቴ መሆኗን ነግሬ ለጫጫታው ይቅርታ ጠየቅኩት።

«ንገሪያት» አለ። «ጫማሽ ድንጋይ ነው። ወንበር ትጎትቻለሽ። ፈተና ሲደርስ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ስትመላለሺ እኔም አብሬሽ እፈተናለሁ።»

«ምን ይላሉ?»

«አረማመዴ ከባድ ነው ይላል።»

«እውነታቸውን ነው። ከልጅነትሽም እንደዚያው ነሽ።»

ሽማግሌው ግን አልጨረሰም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«በብርዱ ጊዜ ደግሞ ሳልሽ። አልጋሽ ልክ ከአልጋዬ በላይ ነው። ከዚያ ሳሉም ኮቴውም ጠፋ። ጣሪያውን መታሁ፤ ምንም የለም። ወጥቼ በርሽ ላይ ቆምኩ። ማንኳኳት አፈርኩ፤ ሁሌ ስቆጣሽ ኖሬ ምን ልበልሽ? ቧንቧ ስትከፍቺ ስሰማ ተመለስኩ። በማግስቱም ወጣሁ። መራመድ እስክትጀምሪ ድረስ በየቀኑ እወጣ ነበር።»

ያን ሰሞን ብርድ ልብሱን ተከናንቤ፣ ብሞት እንኳ የሚያውቅልኝ የለም እያልኩ ስነፋረቅ፣ እኚህ ሰው በነጠላ ጫማቸው በሬ ላይ ቆመው ነበር።

ያሉትን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ሰምታ ስትጨርስ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ማንም ተቀመጪ አላላትም። ቀጥላ ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች።

«እንግዲህ ልጄን ከፈጣሪ ቀጥሎ ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። ኮቴዋ ሲጠፋ ይጥሩልኝ። ስታጠፋም ይቆጡልኝ፤ እንደ ልጅዎ ይቆጧት። የሰማይ የምድር አደራ!»

በእሳቸው ቋንቋ ለአደራ የሚሆን ቃል ብፈልግ አጣሁ። «ይጠብቁልኝ እያለች ነው» አልኳቸው።

እናቴ ገና ያልለቀቀችውን እጃቸውን አዩት። «ከዚያ የሚበልጥ ነገር ነው ያለችው» አሉ። «እሺ ብሏል በያት።»

ተከትሎን የወረደው አጎቴ ደረጃው ላይ ባዶ እግሩን ቆሞ ነበር። «በቃ፣ ጋሽ መጥረጊያ እሺ ካሉ ምን ቀረን? ለባልሽ ደውይለት» አለ።

እናቴ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆና ደወለች። «አግኝቻለሁ» አለችው አባቴን። «አዎ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ከሥሯ ነው የሚኖሩት። ስትተነፍስ ሁሉ ይሰማሉ።» የአባቴ ሳቅ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ጋሽ መጥረጊያም ብርቱካን እየላጡ ነበር።

የቀሩት ቀናት እንደ ቅቤ ቀለጡ። ጀልባው ላይ አጎቴ ዘዋሪውን አመሰገነው፤ «ይሄኛው መሪ ያውቃል» አለ። እናቴ ሻንጣዬን ዳግመኛ አልጠየቀችም። ማታ ማታ ከታች ሲደለቅ «አቤት!» ብላ ቀስ ብላ ትራመዳለች።

ሸኝቻቸው ስመለስ ጸሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። እናቴ ብርድ ልብሶቹን አጣጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣቸዋለች። ካፖርቴንም ጫማዬንም ሳላወልቅ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ክፍሏ ሰፋችብኝ። ብርሃኑ ከግድግዳው ላይ እየደበዘዘ ሲጠፋ እያየሁ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ።

ከሥሬ ዷ… ዷ… አለ። እንደ ወትሮው አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው።

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ተረከዜን አንስቼ ወለሉን እንደ እናቴ ሦስቴ መታሁ፤ ጎንበስ ብዬም «አቤት!» አልኩ።