የሌለ ሰው ፊት

ሰውየው የናርዶስን ስዕል ከሱቁ ግድግዳ ላይ ነቅሎ ከፊቷ አጠገብ ያዘው። አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ ልጅቷን ያያል። ናርዶስ ከመደርደሪያው ጋር ተጣብቃ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

"ቀና በይ" አላት።

ቀና አለች።

"ይህን ማን ነው የሳለው?"

እናቷ ፀዳለ ከደብተር መሸጫዋ ባንኮኒ ጀርባ ቆማለች። መርሳ ከተማ በታጣቂዎቹ እጅ ከገባች ሁለት ወር አልፏል፤ በዚህ ሁለት ወር ውስጥ አጭር መልስ ከረጅም መልስ እንደሚሻል ተምራለች። ሰውየው የታጣቂዎቹ አዛዥ ነው። ሲገባ እስክሪብቶ ነበር የጠየቃት።

"እኔ ነኝ" አለች።

"እጅሽ ጥሩ ነው። ነግረውኛል።" ስዕሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። "ዓሪፍን ታውቂዋለሽ፣ አይደል?"

ያኔ ነው ለእስክሪብቶ እንዳልመጣ የገባት።

ዓሪፍን ታውቀዋለች። ስዕል የተማሩት አብረው ነው። ከጦርነቱ በፊት መምህር እስራኤል የሚባል ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ከወልድያ በአውቶቡስ እየመጣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በተከራየው ክፍል ያስተምር ነበር። ፀዳለ መጀመሪያ የሄደችው ከሱቋ የታዘዘ ወረቀት ልታደርስ ነው። በር ላይ ቆማ ጥቂት አየች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ጎረቤቶቿ "የልጅ ሥራ ያዘች" እያሉ ሳቁባት። ባሏ በላይም ሳቀ፤ ግን የአይሱዙ ሾፌር ነውና አንድ ቀን ከደሴ ሲመለስ ቀለም ገዝቶላት መጣ።

ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ልብስ ሰፊ፣ ነርስ፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ እና እህል የሚነግደው ዓሪፍ፤ እሱ ከጎኗ እየተቀመጠ ላጲሷን ሲጨርስባት የከረመ ነው። በጥምቀት ሰሞን መምህሩ ሁሉንም በሚኒባስ ጭኖ ግራና ወደምትባል መንደር ወሰዳቸው። አራት ቀን አንድ ገበሬ ግቢ እያደሩ ጠዋት ወንዙንና ፓፓያውን፣ ከሰዓት ሰው ሲስሉ ሰነበቱ። ፀዳለ በዕድሜዋ ለራሷ ብላ ከቤት ወጥታ ያደረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰው መሳል እንደሚሆንላት የታወቀውም እዚያ ነበር።

"ውርጌሳ ላይ መኪናችንን ያቃጠለው እሱ ነው" አለ አዛዡ። "ፎቶ አጣንለት። ከተማው በሙሉ አናውቀውም ይላል። አንቺ ግን ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጠሻል።"

"ቆየ እኮ፣ ወንድሜ። መልኩ ጠፍቶብኛል።"

"የልጅሽ መልክ አልጠፋሽም።"

በር ላይ ለቆመው ጓዱ ምልክት ሰጠ። ጓዱ ናርዶስን በክንዷ ይዞ በረንዳው ላይ አስቀመጣት።

"ስትጨርሺ ትገባለች" አለ አዛዡ። "ካልጨረስሽ ከእኛ ጋር ትሄዳለች። አንቺ ነሽ የምታውቂ።"

ፀዳለ ወረቀት አወጣች። የዓሪፍ ክብ ፊት፣ ስስ ቅንድቡ፣ ፍንጭት ጥርሱ ፊቷ ላይ ተደቅኗል፤ እጇን ብትለቀው በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። አልለቀቀችውም። የሌለ ሰው ልሳል አለች በልቧ። ማንንም የማይመስል፣ ማንም የማያገኘው።

ፊቱን ረጅም አደረገችው። ዓይኖቹን ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ቅንድቡን አወፍራ መሀል ላይ አገጣጠመችው፤ አፍንጫውን አጎበጠችው፤ አገጩ ላይ ትንሽ ጠባሳ ጨመረች። ኋላ ላይ ከሁሉም በላይ ያሳፈራት ግን ይህ ነው፦ ስዕሉ ከመሀል ሲደርስ ፍርሃቱን ረሳችው። የአፍንጫው ጥላ ሲሳካላት ደስ አላት።

አዛዡ ወረቀቱን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረው።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ካልሆነ ተመልሼ እመጣለሁ።"

ከሄዱ በኋላ ናርዶስ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

"እማ፣ ዓሪፍ እንደዚያ ነው እንዴ?"

"አይደለም። ለማንም አትናገሪ።"

"ታዲያ ማነው?"

"ማንም አይደለም። የሌለ ሰው ነው።"

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ቀን፣ ገበያው እንደነገሩ ቆሞ ሳለ፣ ከአስፋልቱ ጫፍ ጫጫታ ተሰማ። ፀዳለ ወደ በረንዳው ወጣች። ሁለት ታጣቂዎች አንድ ሰው እየነዱ ይመጣሉ። እጁ በራሱ ነጠላ የኋሊት ታስሯል። ከኋላው ፓፓያ የተጫነች አህያ ያለ ነጂ ትከተላለች። አዛዡ ወረቀቷን በእጁ ይዟል።

መጀመሪያ ያየችው ቅንድቡን ነው። ከዚያ አፍንጫውን፣ ከዚያ ጠባሳውን። የበሩን መቃን ያዘች።

አብዱልሐሊም ነበር። ግራና ግቢውን ለቅቆ ያሳደራቸው ገበሬ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለአሥራ አንድ ሰው ሲሳል የዋለ፤ "ፊቴን እኮ ጨረሳችሁት፣ ምን ይዤ ቤቴ ልግባ?" እያለ ያሳቃቸው ሰው። አፍንጫው እምቢ ብሏት ሦስት ጊዜ ነበር የሳለችው። ከራሷ የፈጠረችው የመሰላትን ፊት እጇ ከዚያ ነበር ያመጣው።

እሱም አያት። ፊቱ በራ።

"ይኸው፣ እሷን ጠይቋት" አለ ለአዛዡ። "እህቴ፣ ንገሪያቸው እስቲ። ግራና ቤቴ መጥታችሁ የለም? አብዱልሐሊም እንደምባል ንገሪያቸው። መታወቂያዬን የውሸት ነው አሉኝ እኮ።"

አዛዡ ወደ ፀዳለ ዞረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"ዓሪፍ ይሄ ነው አይደለም?"

መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ቆሟል። ዓሪፍን የሚያውቀው ከሃያ አያንስም። ስንዴ የሸጡለት አሉ፤ ሰርጉ ላይ የበሉ አሉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ናርዶስ ከኋላ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣለች።

"አይደለም ካልሽ አይደለም ነው" አለ አዛዡ። "ያኔ ሱቅሽ ገብተን እንነጋገራለን። ከልጅሽም ጋር።"

ፀዳለ አንገቷን ወደ ታች ነቀነቀች።

"በአፍሽ።"

"እሱ ነው" አለች።

አብዱልሐሊም አልጮኸም፣ አልተራገመም። በደንብ እንዳልሰማ ሰው ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ፤ ትደግምለት ይመስል። ከዚያ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ተኩስ ተሰማ። አህያዋ እስኪመሽ አስፋልቱ ላይ ቆማ ነበር፤ ፓፓያውን አላፊ አግዳሚው አንድ አንድ እያለ ጨረሰው። በማግስቱ ሽማግሌዎች አዛዡን ለምነው ሬሳውን አነሱ። የግራና መንገድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለተዘጋ ከቤተሰቡ አንድም ሰው ሳይደርስ ተቀበረ።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ። መንገድ ተዘግቶበት ኮምቦልቻ የቀረው በላይ ተመለሰ፤ ናርዶስ ትምህርት ጀመረች። ፀዳለ ለባሏ ምንም አልነገረችውም። መምህር እስራኤል ከወልድያ መጥቶ ክፍሉ መቃጠሉን፣ ግራና የሳሉት ወረቀት ሁሉ አብሮ መንደዱን ነገራትና "ቢሆንም እንጀምራለን" ሲላት እጄን ያመኛል አለችው። ዓሪፍ ራሱ አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አላት። ወደ ሱቋ ገባች።

ጥር ሲጋመስ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ሱቁ በር ላይ ቆመች። በእጇ ሁለት ፓፓያ በፌስታል ይዛለች።

"ፀዳለ ማለት አንቺ ነሽ፣ እቴ?"

"ነኝ።"

"ቡርቱካን እባላለሁ። የአብዱልሐሊም ባለቤት ነኝ፣ የግራናው። ያኔ እኛ ጋ አድራችሁ ነበር።"

ፀዳለ ወንበር አቀረበችላት። ፓፓያውን ሴትየዋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው፤ ፀዳለ አልነካችውም።

"መምህሩን አግኝቼው ነበር" አለች ቡርቱካን። "ወረቀቱ ሁሉ ነደደ አለኝ። ግን ፊት እንደ ፀዳለ የሚይዝ የለም፣ ሂጂ ጠይቂያት አለኝ። ባለቤቴ ፎቶ አይወድም ነበር። ያለችው አንዷ መታወቂያው ላይ ናት፤ እሷም ከእሱ ጋር ቀረች። ትንሿ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አባቷን ምን ብዬ አሳያታለሁ? ሬሳውን እንኳ አላየሁት። አልሐምዱሊላህ፣ ቀባሪ አላጣም።"

"ሰው ምን ነገረሽ?" አለች ፀዳለ።

"ወረቀት ላይ ተስሎ ነው የተያዘ አሉኝ። ከሰው መሀል አንዲት ሴት እሱ ነው አለች አሉ። ማን እንደሆነች ስጠይቅ ሁሉም ዝም።"

ናርዶስ ከመደርደሪያው ሥር ደብተር እየደረደረች ነበር። እጇ ቆመ። ፀዳለ ልጇን ውጪ ልትላት አሰበችና ተወችው።

ወረቀት አወጣች፤ እርሳሱን ያዘች። ዝም ብላ ብትስልላት ሴትየዋ መርቃት ትሄዳለች። እርሳሱን መልሳ አስቀመጠችው።

"ቡርቱካን፣ ሳልስልልሽ ስሚኝ። ወረቀቱን የሳልኩት እኔ ነኝ።"

ሴትየዋ አየቻት።

"ልጄን ይዘውብኝ ነበር። ሌላ ሰው ነበር የሚፈልጉት። የሌለ ሰው የሳልኩ መስሎኝ ነው። የማን ፊት እንደሆነ ያወቅኩት እሱን ሲያመጡት ነው።"

"እሱ ነው ያለችውስ?"

"እኔ ነኝ።"

ቡርቱካን ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች። ለመውጣት አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። መንገዱን አየች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ ናርዶስን አየቻት።

"ልጅሽ ይቺ ናት?"

"አዎ።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"አሥራ አራት ልትገባ ነው።"

ነጠላዋን እንደገና ተከናነበች።

"ሌላ የሚችል አለ? የእሱን ፊት?"

"የለም" አለች ፀዳለ። "ቢኖር እልክሽ ነበር።"

ቡርቱካን ተመልሳ ወንበሩን አነሣችና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙራ አስቀመጠችው። ጀርባዋን ለፀዳለ ሰጥታ ተቀመጠች።

"በይ ጀምሪ" አለች። "ስትጨርሺ ለልጅሽ ስጫት። እሷ ታቀብለኝ።"